ያኑርህ

ከሲያትል ብዙም ሳይርቅ፣ ከመዝናኛ ፓርኩ አጠገብ ያለው ውድ ሆቴል ጫካ እንዲመስል ተደርጎ የተሠራ ነው። በየክፍሉ ሰው የሚያክል የእንጨት ድብ ቆሟል። አይዳ የክፍላቸውን ድብ ገና ከገባች ጀምሮ አላመነችውም። ከቁርስ ሲመለሱ ደግሞ ፊቱ ከመስኮቱ ወደ አልጋው ዞሯል።

«አክሊሉ፣ አንተ ነህ ያዞርከው?» ባሏን በጎን አየችው።

«ኧረ እኔ አልነካሁትም! ሃውስኪፒንግ ይሆናላ። ሶ ምን ይጠበስ? ቬኬሽን ላይ ነን እኮ፣ ሪላክስ አድርጊ።»

ልጃቸውን ሚኪኤላን ይዞ ወደ መዋኛው ወረደ።

አይዳ ለድቡ ጀርባዋን ሰጥታ የልጅቷን ልብሶች ስታጣጥፍ አስነጠሳት።

«ይማርሽ» አለ የወንድ ድምፅ ከኋላዋ።

«ያኑርህ» አለች። አክሊሉ ስልኩን ረስቶ የተመለሰ መስሏት ዞር እንኳ አላለችም። መልሱ እንደሆነ ሳይታሰብ ነው ከአፍ የሚወጣው።

ቀና ስትል ዓይኗ በመስኮቱ አልፎ ታች መዋኛው ላይ አረፈ። አክሊሉ ሚኪኤላን ትከሻው ላይ አድርጎ ከውሃው ውስጥ እጁን ያውለበልብላታል።

የያዘችው ካልሲ ከእጇ ወደቀ። ታዲያ ማንን ነው ዕድሜ ይስጥህ ብላ የመረቀችው?

ከኋላዋ እንጨት ቋ አለ፤ ቀጥሎም ሞቅ ያለ ትንፋሽ ማጅራቷን ነካት።