የምንታምር ቁመት

የአጥንት መርፌ ከወጣ ወዲህ ስብራት ቀርቷል። አንዴ የተወጋ አጥንት አይሳሳም፣ አይሰነጠቅም፤ ግን ደግሞ እንደ ድሮው አሮጌውን እያፈረሰ አዲስ አይሠራም፤ በነበረበት መጠን ይቀራል፤ አያድግም። ሐኪሞች "ልጅ አድጎ እስኪጨርስ ጠብቁ" የሚሉት ለዚህ ነበር። አቶ ደምሰው ግን አልጠበቁም። ልጃቸው ምንታምር በዘጠኝ ዓመቷ ከደረጃ ወድቃ ክንዷ ዳግመኛ ሲሰበር፣ ሐኪሟን ለምነው አስወጓት።

ዛሬ ምንታምር የሠላሳ ዓመት ጠበቃ ናት። ራሷን ችላ ልትኖር ቤት ተከራይታ፣ አባቷ ዕቃ ሊያግዟት አብረዋት መጡ። አከራይዋ ቁልፉን ለአቶ ደምሰው ሰጡና የምንታምርን ፀጉር ዳበስ አድርገው፣ "እናቷስ መቼ ትመጣለች?" አሉ።

"ተከራይዋ እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለች ምንታምር። ሴትዮዋ ክው ብለው ይቅርታ ጠየቁ።

ወጥ ቤት ሲገቡ አቶ ደምሰው መደርደሪያውን ነቅለው ዝቅ አድርገው ሊሰቅሉት ተነሡ።

"እስከ የት ላድርገው?"

ምንታምር ግድግዳው ሥር ቆማ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። ጣቷ በደረሰበት በእርሳስ ምልክት አድርገው ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

"ልጄ፣ ያኔ ብጠብቅ ኖሮ…"

"ተው አባዬ፤ ይቅር ብየሃለሁ እኮ። ዛሬ ግን አታልቅስብኝ። ባለቀስክ ቁጥር የማባብልህ እኔ ነኝ፤ ደክሞኛል።"

አቶ ደምሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው ብሎኑን ማጥበቅ ጀመሩ። እስኪጨርሱ ድረስ ዞር ብለው አላዩአትም።