በእናቷ መቃብር ላይ የተጫሩ ክብሪቶች

ሚስ ኦዜላ የአንድ ታዋቂ ልብ ወለድ አንባቢዎች በእሳቸው እናት መቃብር ላይ ጥለዋቸው የሄዱትን የተጫሩ ክብሪቶች ሲለቅሙ፣ አንዲት ወጣት ያንኑ መጽሐፍ ታቅፋ መጣች። መጽሐፉን የጻፈው የሚሲሲፒ ደራሲ ከሞተ ስድሳ ዓመት አልፎታል፤ አንባቢዎቹ ግን እየባሰባቸው ሄደ።

«የወታደሩን ደብዳቤዎች ያቃጠለችው የፖስታ ቤቷ ሴትዮ እዚህ ናት አይደል?»

«እናቴ ፖስታ ቤት ሠርታለች እንጂ አንድም ደብዳቤ አላቃጠለችም! ደራሲው ነው ከልቡ አንቅቶ የጻፈው።»

ወጣቷ እንባ ባቀረሩ ዓይኖቿ አየቻቸውና እጃቸውን ያዘች። «አይዞዎት እማማ፣ እኔ ይቅር ብያታለሁ።»

ሚስ ኦዜላ ሊቆጡ አሉና ተዉት። መጽሐፉን እሳቸውም በየዓመቱ ያነቡት ነበር፤ ደብዳቤዎቹ የሚቃጠሉበት ገጽ ላይ በደረሱ ቁጥርም እናታቸውን ይጠሏት ነበር።