አረንጓዴ እስኪበራ

ማሽኑ ለሦስተኛ ጊዜ ቀይ አበራና ጮኸ።

«ባዶ ነው አልኩዎት እኮ፣ እማሆይ። ይውረዱልኝ፤ መንገድ አይዝጉ» አለ ዋሴ፣ አንድ እጁን የአውቶቡሱ በር ላይ ደግፎ።

እማሆይ ወለተ ሚካኤል ከደረጃው ንቅንቅ አላሉም። የመሳፈሪያ ካርዱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉና እንደገና ማሽኑ ላይ ለጠፉት። «ትናንት የሞላህልኝ አንተው ራስህ አይደለህ? ልጄን ደብረ ታቦር ዛሬ ኦፕራሲዮን ሊያደርጓት ነው። ዓይኗን ሳላይ ቢያስገቧትስ?»

ቀይ።

ሹክሪያ ከሹፌሩ ጀርባ ካለው ወንበር ተቀምጣ ይህን ሁሉ ታያለች። ትናንት ከሰዓት እዚሁ መካነ ኢየሱስ መናኸሪያ ካርዷን ልታስሞላ ስትመጣ፣ ከፊቷ የተሰለፉት እኒህ መነኩሴ ነበሩ። ብር ከመቀነታቸው ፈትተው ሲሰጡት፣ ዋሴ ብሩን ኪሱ ሲከት፣ ማሽኑን ሳይነካ ካርዱን መልሶ «ተሞልቷል፤ በሰላም ይግቡ» ሲላቸው በዓይኗ በብረቱ አይታለች። ያኔ ዝም አለች። አሁንም ጥርሷን ነክሳ ዝም አለች።

ወዳ አይደለም። ነጭ ሽንኩርት ነጋዴ ናት፤ በየሐሙሱ ሁለት ጆንያ አስጭና ደብረ ታቦር ትሄዳለች። የማን ጭነት ጣሪያው ፖርቶ መጋላ ላይ እንደሚወጣ፣ የማን መሬት እንደሚቀር የሚወስነው ዋሴ ነው። በፊት ደላላ ነበር፤ ተሳፋሪ እየጎተተ፣ ከታሪፍ በላይ እየተቀበለ ስንቱን አስለቅሷል። በብር መክፈል ቀርቶ ካርዱ ሲመጣ የመናኸሪያው ግድግዳ ላይ «ከእንግዲህ ደላላ የለም» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። ሰዉ እልል ለማለት ምንም አልቀረውም። በሳምንቱ ያንኑ ዋሴን ቢጫ ሰደርያ አልብሰው፣ ማሽኑን አንገቱ ላይ አንጠልጥለው አቆሙት።

«ድሮ የምንዘረፈው በሰው እጅ ነበር፤ አሁን ደግሞ በመብራት ሆነ» አለ ከኋላ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ።

«ሲስተም ነው፤ መልመድ ነው እንጂ» አለች ከጎኑ የተቀመጠች ተማሪ፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳትነቅል።

«ምኑን ነው የምንለምደው? ግማቱን?»

አውቶቡሱ ሙሉ አጉረመረመ። ነውር ነው ያላለ አልነበረም። ከወንበሩ የተነሳም አልነበረም።

ዋሴ ጉርምርምታው እስኪበርድ ጠበቀና ድምፁን አለሰለሰ። «እንግዲያው አዲስ ካርድ ልስጥዎት፣ እማሆይ። ይኼኛው ይሠራል። እንደገና መክፈል ብቻ ነው።»

«የመመለሻዬ ናት የቀረችኝ» አሉ እማሆይ። ትንሽ አሰቡና እጃቸው ወደ መቀነታቸው ሄደ። ቋጠሮው ጠንክሮባቸው በጥርሳቸው ያዙት። ዋሴ መዳፉን ዘርግቶ ይጠብቃል። ብሩ ገና ሳይፈታ አውራ ጣቱን በምላሱ አርሶ ለቆጠራ አዘጋጀው።

ያቺን እርጥብ ጣት ስታይ ሹክሪያ ብድግ አለች።

«ትናንት ተቀብለሃቸዋል!» አለች። «ከኋላቸው ቆሜ ነበር። ወላሂ በዓይኔ አይቻለሁ! ብሩን ኪስህ ከተትክ እንጂ ማሽኑን አልነካኸውም።»

ዋሴ ፈገግታው እንኳ አልተነካም። እጁን ሰደርያው ውስጥ ሰደደና በላስቲክ የታሰረ የካርድ ክምር አወጣ፤ አንዷን መዝዞ ማሽኑ ላይ አሳረፋት። አረንጓዴ በራ።

«ይኸው፣ እማሆይ። በእኔ ይሁን። ለእናት ምን ይሰሰታል?» አለ። ከዚያ ጣሪያው ላይ ወዳለው ጫኝ አንገቱን አቀና፤ «የሷን ጆንያዎች ወደ ታች! ጭነት በዝቷል።»

አንዱ ጆንያ ዱብ አለ። ሁለተኛው መሬት ሲነካ ፈነዳ፤ ነጩ ሽንኩርት አቧራው ላይ ተንከባለለ።

ሹክሪያ ወደ ተሳፋሪው ዞረች። «ሰው አይደላችሁም? አንድ ቃል የሚናገር የለም?»

«አንቺም አበዛሽው» አለ ባለ ጋቢው፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ። «አስረፈድሽን እኮ።»

ከዋሴ ይልቅ ይህኛው ቀፈፋት። መልስ ሳትሰጠው ቦርሳዋን አንስታ ወደ በሩ ወረደች።

እማሆይ የዋሴን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው ይመርቁታል። «የወለደችህ ማኅፀን ይባረክ። እጅህን አይንሣህ። የሄድክበት ይቅናህ፤ ክፉ አይይህ፣ ልጄ።» ዋሴ ኮፍያውን አውልቆ አጎነበሰ። «አሜን» አለ። ከኋላ አውቶቡሱ በሙሉ «አሜን» ሲል ተቀበለ።

ሹክሪያ በአጠገባቸው ስታልፍ እማሆይ ክንዷን ያዝ አደረጓት። «አንቺም አትቀየሚው፤ አየሽ፣ ደግ ልጅ ነው።»

አፏን ከፈተች። የምትለው ሁሉ ምላሷ ላይ ተደረደረ። የእማሆይ ዓይን ግን መንገዱን ነው የሚያየው። ዋጠችው።

«ይግቡ፣ እማሆይ። እኔ በነበርኩበት ይቀመጡ። አላህ ልጅዎን ይማርልዎት።»

ዋሴ በሩን ከውጭ ዘጋው። ሹክሪያ አቧራው ላይ ተንበርክካ ሽንኩርቱን እያራገፈች ቀሚሷ ላይ ትሰበስብ ጀመር። የሚያግዛት አልመጣም።

ሞተሩ ሲጮህ ቀና አለች። እማሆይ እሷ በነበረችበት መስኮት አንገታቸውን አውጥተው፣ ፊታቸው በርቶ እጃቸውን ያውለበልባሉ። ለሷ መስሏት እጇን ልታነሳ አለች። ከጀርባዋ ግን ዋሴ፣ «በሰላም ይግቡ፣ እናቴ!» እያለ፣ አውቶቡሱ ከመታጠፊያው እስኪሰወር ድረስ እጁን አላወረደም።