የእማዬ አገር ዘፈን

«ቀጥሎ የማን ቤት ዘፈን ነው?» አለች የሙዚቃ መምህርቷ ከበሮውን በጣቶቿ መታ መታ እያደረገች። ሚጣ እጇን ለማውጣት እንኳ አልጠበቀችም፤ እንደ ፌንጣ ዘላ ተነሳች። የእናቴ አገር ሰዎች እንዲህ ይለብሳሉ ብላ ከመጠቅለያ ወረቀት የሠራችው ሰማያዊ ካባ ትከሻዋ ላይ ተንኮሻኮሸ።

አባቷ ከክፍሉ ኋላ የልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረው። ቀለም ቀቢ ነው፤ ከሥራ በቀጥታ ስለመጣ ሱሪው ላይ የሦስት ቤት ግድግዳ ይነበባል። የሳምንቱ ትምህርት «እኛ ከየት ከየት ነን?» የሚል ነው። እያንዳንዱ ልጅ የቤተሰቡን አገር ዘፈን ያመጣል፣ ለጓደኞቹ ያስተምራል፣ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ይዘፍናል፣ ይጨፍራል።

«ይሄ የእማዬ አገር ዘፈን ነው» አለች ሚጣ። «እማዬ የለችም። ዘፈኗ ግን አለ። አባዬ ነው ያስተማረኝ።»

አይ አባዬ! አባዬ ምኑን ያስተምራል፣ ፈጥሮላት ነው እንጂ። ሚስቱ ልጅቷን ባጠበች ቁጥር በአገሯ ቋንቋ ታንጎራጉር ነበር። እሱ በሩን ተደግፎ «ጀመረች ደግሞ ወፏ!» እያለ ያሾፍባታል። ምን ማለት ነው ብሎ አንድም ቀን ጠይቋት አያውቅም። ምን ያስቸኩለዋል? የት ትሄድብኛለች ብሎ ነዋ! ሞት ግን ቀጠሮ አያውቅም፤ ራሴን አመመኝ ያለች ሴት ሳምንት ሳትሞላ ተቀበረች።

ያኔ ሚጣ ገና ትኮላተፋለች። «የእማዬን ዘፈን!» ብላ ስታለቅስ ዜማው መጣለት፣ ቃሉ ግን ወይ ፍንክች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ዓይኑ አልጋው ሥር ካለው የቫርኒሽ ቆርቆሮ ላይ አረፈና «ቫርኒሳ ሎሬ፣ ቫርኒሳ ሌ» አላት። ልጅቷ ዝም አለች፤ ተኛችም። ከዚያ ወዲህ ያለ ቫርኒሳ ተኝታ አታውቅም።

እስከ ዛሬ ማንም አልጠየቀው። አሁን ግን ጉድ ፈላ። ከሚጣ በፊት የዘፈኑት፣ ለክፍሉ አዲስ የሆኑት መንቶች ከየት እንደመጡ ሲናገሩ ሰማ፤ ከሚስቱ አገር! እናታቸውም ያቻትና መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ላብ አጠመቀው። ይህች ሴት አንድ ቃል ከተነፈሰች ለልጁ ከእናቷ የቀራት ነገር የለም። ተነስቶ ልጁን እንዳይጎትት፣ ምን ብሎ?

ሚጣ ዓይኗን ጨፍና ዘፈነች። «ቫርኒሳ ሎሬ፣ ቫርኒሳ ሌ...»

የመንቶቹ እናት ገና ዜማውን ስትሰማ ፊቷ በራ፤ ቃሉን ስትሰማ ደግሞ ግራ ገባት። አንደኛው መንታ ጮክ ብሎ «እማ፣ ይሄ እኮ የኛ ቋን...» ማለት ሲጀምር ጉልበቱን ያዝ አደረገችው። ዞር ብላ አባትየውን አየችው። ሱሪውን አየች፣ በቀለም የነጡ ጣቶቹን አየች። እሱም በዓይኑ ብቻ ለመናት፤ በፈጠረሽ፣ አደራሽን።

«እርስዎ የዚያ አገር ሰው አይደሉ?» አለቻት መምህርቷ ምኑንም ሳታውቅ። «እስቲ ቫርኒሳ ምን ማለት እንደሆነ ለልጆቹ ይንገሩልን።»

ሴትየዋ ወደ ሚጣ ዞረች። «የኔ አበባ» አለች። «የኔ አበባ ማለት ነው።»

አባትየው ትንፋሹ መለስ አለለት። አቤት ሰው! መሬት ላይ ተደፍቶ እግሯን ቢስም በወደደ።

መምህርቷ ግን ደስታዋ አላስቀመጣትም። «እንግዲያው እርስዎም ይዝፈኑልን! ከባለቤቱ አፍ እንስማው።»

ሴትየዋ እምቢ ለማለት ሞከረች፤ ልጆቹ እያጨበጨቡ አላስቀምጥ አሏት። ተነስታ በቀስታ ጀመረች። እውነተኛውን ዘፈነችው። ምን ታድርግ፣ ለዚህ ዜማ ሌላ ቃል አታውቅማ።

አባትየው ደርቆ ቀረ። ያው ዜማ፣ ያው የሚስቱ ቋንቋ። መሐል ላይ ረዘም ተደርጋ የምትሳብ አንዲት ቃል አለች፤ እሷ ላይ ሲደረስ ደረቱ ውስጥ የሆነ ነገር ተቀደደ። ሚስቱ ውሃውን በልጅቷ ራስ ላይ የምታፈሰው እዚህች ቃል ላይ ነበር። ልጅቷም እዚህች ላይ ነበር የምትስቀው። እንባው ዝም ብሎ ወረደ።

«አይደለም!» አለች ሚጣ።

ሴትየዋ አቋረጠች።

«እንደሱ አይደለም፣ እትዬ። ቃሉ ጠፍቶብሻል። የእማዬ እንደዚህ አይደለም።» ልጅቷ አልተቆጣችም፤ እንደ ትልቅ ሰው አዝናላት ነው የምታርማት። «ቫርኒሳ ሎሬ ነው የሚባለው።»

 ሴትየዋ በመዳፏ አፏን ያዘች፤ ቆየት ብላ የሚጣን የወረቀት ካባ አስተካከለችላት። «እውነትሽን ነው፣ የኔ ልጅ» አለች። «ከአገሬ ከወጣሁ ቆየሁ፤ ረስቼው ነው።»

«በሉ ሁላችንም እንደ ሚጣ!» አለች መምህርቷ። ከበሮው ተመታ፣ ወለሉ በእግር ተናወጠ። መንቶቹም ሳይቀሩ «ቫርኒሳ ሎሬ፣ ቫርኒሳ ሌ!» አሉ።

አባትየው ዓይኑን ጨፍኖ ያችን ቃል ሊይዛት ታገለ። አሁን፣ አሁን እኮ ነው የሰማት! በምን ነበር የምትጀምረው? በ«ሀ»? በ«አ»? ልጆቹ በጮኹ ቁጥር እየራቀችው ሄደች፤ ቢል ቢል አንዲት ፊደል እንኳ አላገኘባትም።

ትንሽ እጅ መጥታ ጣቶቹን ጨበጠች።

«አባዬ፣ ዝፈን እንጂ! ከኛ በላይ የምታውቀው አንተ አይደለህ?»

አፉን ከፈተ። ከልጆቹ ጋር ቫርኒሳ ሎሬ አለ።