ብረቱን አትልቀቂ

«አሁን ማብሪያውን ተጫኚው። ተጭነሽ ቆዪ» ትለኛለች ልጄ።

ሶኬቱን የነቀልኩት ራሴ ነኝ። ገመዱ እዚሁ ጭኔ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የተነቀለ ኮምፒውተር አብሪ የሚል ሰው ወይ ይቀልዳል፣ ወይ የሆነ ነገር ይደብቃል፤ የልጄ ፊት ላይ ደግሞ ዛሬ ቀልድ የለም። ቢሆንም እጫነዋለሁ። ውስጡ ያለው ማራገቢያ እንደ መባነን ብሎ ትንሽ ዞር ይልና ይቆማል። ደንግጬ እጄን እሰበስባለሁ።

«የተረፈ ኃይል ነው፤ ወጣለት» ትላለች። «ሁልጊዜ እንደዚህ አድርገሽ ነው የምትጀምሪው።»

ሁልጊዜ። ይቺን ቃል በልቤ እይዛታለሁ።

በዚህ ቤት የኮምፒውተር ነገር የእሷ ነው። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመርኩ ወዲህ የንባብ ልምምዴን እዚህ ላይ በትልልቅ ፊደል ታዘጋጅልኛለች፤ እኔ እየተንተባተብኩ አነባለሁ። ሲበላሽ እሷ ትጠግናለች፣ እኔ ከኋላዋ ቆሜ «ኤሌክትሪክ እንዳይዝሽ» እላለሁ። አንድ ብሎን አስፈትታኝ አታውቅም። ዛሬ ግን ጎኑን አስከፈተችኝ፤ አቧራውን አስጠረገችኝ። ከኋላ ካሉት ቀዳዳዎች አጠገብም ወረቀት ለጥፋለች፤ «ስክሪን»፣ «ማውስ»፣ «ድምፅ» ይላል። የቱ የት እንደሚገባ እሷ ዓይኗን ጨፍናም ታውቀዋለች። ታዲያ ይሄ ሁሉ ለጀማሪ አንባቢ የሚሆን ትልልቅ ፊደል ለማን ነው?

ይህቺ ልጅ ትታኝ ልትሄድ ነው።

ሰሞኑን ስልክ ሲደወልላት በረንዳ ወጥታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ነው የምታወራው። ብቅ ስል «እሺ፣ በኋላ» ትልና ትዘጋዋለች። ወፍራሙን ጃኬቷን አውጥታ አጥባዋለች፤ እኛ ጋ ደግሞ ሰው ከሙቀቱ የተነሳ ጥላ ጥላውን ነው የሚሄደው። ጠይቄያት ነበር። «ምነው እማ፣ ፖሊስ ሆንሽብኝ እኮ» ብላ ስቃ አለፈችኝ።

«ብረቱን ያዢ» ትላለች አሁን። የሳጥኑን ጠርዝ በግራ እጄ እይዛለሁ። «እስክንጨርስ አትልቀቂው።»

ሰውነታችን ውስጥ የማይታይ ኤሌክትሪክ አለ አለችኝ፤ ወደ ብረቱ ካልሸኘነው ዕቃውን ያቃጥለዋል። ራም የምትላትን ዕቃ ከከረጢቷ አውጥታ ጠርዝ ጠርዟን ይዛ ታቀብለኛለች። የማበጠሪያ ስባሪ የመሰለች አረንጓዴ ነገር ናት፤ ከታች በኩል ወርቃማ ጥርስ አላት። ጥርሷን መንካት አይፈቀድም።

«ይቺ ስትጨመር ፈጠን ይልልሻል። ምስሉም አይቆራረጥብሽም።»

«የምን ምስል?»

ልጄ ጎንበስ ብላ የሌለ አቧራ እፍ ትላለች።

«እኔ የማነበው ፊደል ነው» እላታለሁ። «ፊደል መቼ ተቆራርጦ ያውቃል? ማንን ነው በዚህ የማየው?»

«እሱን በኋላ እንነጋገራለን፣ እማዬ። መጀመሪያ ይቺ ትግባ። አንዱን ጫፍ፣ ከዚያ ሌላውን፣ በአውራ ጣትሽ ጠበቅ አድርገሽ ግፊ። ቀጭ ካለ ገብቷል ማለት ነው።»

አስገባታለሁ። አንደኛው ጫፍ ቀጭ ይላል። ሁለተኛው ላይ አውራ ጣቴ ይቆማል። ትንሽ እንደቀረው ይሰማኛል፤ የቁምሳጥን በር ሊዘጋ ሲል እጅ ላይ እንደሚሰማው። አልገፋውም። ይሄንንም ከቻልኩ በዚህ ቤት የማልችለው ምን ይቀራል? ሁሉን የምትችል እናትን ጥሎ ለመሄድ ማን ይቸገራል?

«ገባ» እላለሁ።

ሶኬቱን ሰክቼ ማብሪያውን እጫናለሁ። ማራገቢያው ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ይቀራል። ኮምፒውተሩ ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ይነጫነጫል።

በቃ ለእኔ አይሆንልኝም፣ እንዲህ ያለው ነገር ለአንቺ ነው የተፈጠረው እላታለሁ። ድምፄ ውስጥ ደስታ እንዳለበት ለራሴም ይሰማኛል።

ልጄ አጎንብሳ ውስጡን ታያለች። በራሟ ጫፍ ያለችው ማያዣ እንዳልተዘጋች አይታለች። ቀና ብላ ደግሞ እኔን ታየኛለች፤ ቀኑን ሙሉ መርፌ ውስጥ ክር ሳስገባ የምውል ልብስ ሰፊ መሆኔን ታውቃለች። በአንድ ጣቷ ገፋ ብታደርጋት ያልቃል። አትገፋትም።

«ከመጀመሪያው» ትላለች ወደ ሶኬቱ እያሳየችኝ። ድምጿ ቀጥኗል።

እነቅላለሁ። ማብሪያውን ተጭኜ እቆያለሁ። ማራገቢያው ይባንንና መልሶ ይተኛል።

«መቼ ነው?» እላለሁ፣ እሷን ሳላይ።

«ወር ሲገባ።» የተነቀለውን ገመድ ጣቷ ላይ ትጠቀልላለች። «ሥራው ጥሩ ነው፣ እማ። አገሩ ራቀ እንጂ። እንዴት እንደምነግርሽ ጨንቆኝ ነው።»

«እና ኮምፒውተር አስፈታሽኝ?»

ሳታስበው ትስቃለች፤ ከዚያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ትጠርጋለች፣ ልክ በልጅነቷ ስከለክላት እንደነበረው።

አውራ ጣቴን ያልገባው ጫፍ ላይ አሳርፋለሁ። ግራ እጄ ብረቱን መያዝ ነበረበት። የያዘው ግን የልጄን የእጅ አንጓ ነው፤ መቼ እንደያዘው አላውቅም። ትቆጣኛለች፣ እጄን ወደ ቦታው ትመልሰዋለች ብዬ እጠብቃለሁ። እሷ ሌላኛውን እጇን ዘርግታ ብረቱን ትይዝልኛለች።

እገፋለሁ። ቀጭ ይላል።