የየኔታ ዜማ በሁለት ዲስክ

ከየኔታ ልሳነወርቅ በቀር ያንን ጥንታዊ ዜማ አሟልቶ የሚያውቅ መምህር በሕይወት አልቀረምና፣ ቪዲዮ አቀናባሪው የዲስኩን ፍጥነት ትቶ የቀረጻውን ደኅንነት መረጠ፤ በአንዱ ላይ የተጻፈ ሁሉ ወዲያው በሌላውም ላይ እንዲጻፍ አድርጎ ሁለት ሃርድ ዲስኮችን አጣመረ።

«አንደኛው ቢሞትስ፣ ልጄ?»

«መንትያው አለ፣ የኔታ።»

«እንግዲያስ ቶሎ ቅረጸኝ፤ ይህን ጉሮሮ ሐኪሞች ለቀዶ ሕክምና ቀጥረውታል» ብለው ሳቁ።

ቀረጻው ተፈጸመ። ጥር ገብቶ ሠርግ ሲበዛ ዲስኩ ሞላበት። አቀናባሪውም፣ መንትያው ይዞታል ብሎ፣ የየኔታን ቀረጻ ከአንደኛው ዲስክ ላይ ሰረዘና በቦታው ሙሽሮችን አሰፈረ።

ከወር በኋላ የኔታ አንገታቸው በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ከደቀ መዝሙራቸው ከአንድ ዲያቆን ጋር መጡ። በእጃቸው ባረኩት እንጂ አልተናገሩም።

«ድምፃቸው ላይመለስ ሄዷል» አለ ዲያቆኑ። «ዜማው ሳይቀረጽ ቀዶ ሕክምናውን እንቢ ብለው ሞታቸውን ይጠብቁ ነበር፤ አንተ አተረፍካቸው። ከእንግዲህ የምማረው ከዚህ ነው።»

አቀናባሪው ሁለተኛውን ዲስክ ነቅሎ በሌላ ኮምፒውተር ከፈተው። ከአንዱ የተሰረዘው ወዲያው ከመንትያውም ተሰርዞ፣ በእሱም ላይ ያሉት ሙሽሮቹ ብቻ ነበሩ።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዜማው እስኪጀምር ይጠብቁ ነበር።