ባዶው የጸሎት ጥያቄ

ሩሃማ ማውሱን እያሽከረከረች ወደ ታች ትወርዳለች፤ ትወርድና ቀጥ ትላለች። የቤተ ክርስቲያኑን ድረ ገጽ የማዘዝ ሥልጣን የነበራቸው ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ገጹን የሠራችው እሷና የጸሎት ክፍሉ ኃላፊ እትዬ የሺእመቤት። አሁን ዝርዝሩ ላይ ሦስት ሆነዋል። ሦስተኛው ስም የለውም፤ ከገባ ግን ዘጠኝ ቀኑ ነው።

እትዬ የሺእመቤት ከጎኗ ቆመው ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። ጠዋት አማኑ የሚባል የመዘምራን አባል ደውሎ፣ በጸሎት ክፍሉ ቅጽ በምስጢር የላከውን የገዛ ጥያቄውን ቴሌግራም ላይ እንዳነበበው ነገራቸው። ቻናሉን የከፈተው ሰው አይታወቅም። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በየአምስት ደቂቃው አንድ የጸሎት ጥያቄ፣ ከነስሙ፣ በተራ ቁጥሩ ይለጥፋል። ምእመናኑ ሊንኩን እየተቀባበሉት ነው። ሰውየው ገንዘብ አልጠየቀም፣ አልዛተም፣ አልተሳደበም። ሩሃማን ያስፈራትም ይኸው ዝምታው ነው።

«ሃያ ስድስት ወጣ» ይላሉ እትዬ የሺእመቤት።

ሠላሳ አንደኛው የሸዋረጋ ነው። ሸዋረጋ ባሏ መዝገቡ መጥረቢያ ሲያነሳባት ሁለት ልጆቿን ይዛ ከቤት የወጣች ሴት ናት። የተደበቀችበትን ቤት ከእትዬ የሺእመቤት በቀር የሚያውቅ የለም፤ መጥተው አብረዋት እንዲጸልዩ አቅጣጫውን ቅጹ ላይ የጻፈችላቸው ራሷ ናት። ይህን ሁሉ ለሩሃማ የነገሯት ዛሬ፣ የግዳቸውን ነው። መዝገቡ የዚሁ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ነው፤ እሁድ እሁድ ከፊት ወንበር አይጠፋም። ሸዋረጋ እንዳይደውልባት ብላ ስልኳን ቀን ቀን ትዘጋዋለች። እትዬ ዛሬ አሥር ጊዜ ሞክረውላታል፤ አሥሩንም ጊዜ ዝግ ነው።

ሩሃማ ከዘጠኝ ቀን በፊት የመጡትን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ትመረምራለች። አንዱ ላይ በስም ቦታ ነጥብ ብቻ አለ፣ መልእክቱም ባዶ ነው። ይህን ከፍተውት እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች።

እንዴታ፣ ከፍተውታል። በጸሎት ክፍሉ ሳይከፈት የሚታለፍ የጸሎት ጥያቄ የለም። ባዶውን ደግሞ ቃል ያጠረው፣ አንጀቱ ያረረ ሰው ነው የላከው ብለው ከሁሉም ይልቅ አዘኑለት። በየማለዳው እየከፈቱ፣ መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ ጭነው፣ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ጸለዩለት።

ሩሃማ ከባዶው መልእክት ሥር የተደበቀውን ትከፍታለች። ባዶ አልነበረም፤ ዓይን የማያየው ትእዛዝ ተጽፎበታል። ጤነኛ ቅጽ ቢሆን ትእዛዙን እንደ ተራ ጽሑፍ አሳይቶ ያልፈው ነበር። ይሄኛው ግን የከፈተው ሰው ያዘዘው ይመስለውና ይፈጽመዋል። እትዬ የሺእመቤት ደግሞ የሚገቡት በዋናው ሥልጣን ነው፤ «ይኼ አይፈቀድልዎትም» እያለ እንዳያስቸግራቸው ብላ የሰጠቻቸው ሩሃማ ናት። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ፣ ገጹ በእሳቸው ስም ለማያውቁት ሰው ቁልፍ አስረከበ።

ቅጹን የሚያሠራው ፕለጊን የሚሉት ተቀጥላ ፕሮግራም ቀዳዳ እንዳለበት ማስጠንቀቂያ ከመጣ ወር አልፎታል። አፕዴት ማድረግ ብቻ ነበር የሚፈልገው። ግን ባለፈው አፕዴት ስታደርገው የአማርኛው ፊደል ሁሉ ባዶ ሳጥን ሆነባትና ወደ ድሮው መለሰችው፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎችም የዓመቱ ኮንፈረንስ እስኪያልፍ ማንም እንዳይነካው አሉ። ኮንፈረንሱ አለፈ፤ እሷም ረሳችው። ረሳችው ማለት እንኳ ለራስ ማድላት ነው፤ ማስጠንቀቂያው በመጣ ቁጥር «በኋላ» የምትለዋን እየተጫነች ነው ያሳለፈችው።

«እኔ ነኝ የከፈትኩለት?» ይላሉ እትዬ የሺእመቤት ቀስ ብለው።

ልትዋሽላቸው ይቃጣታል፤ እናት የሚያህሉ ሰው ናቸው። «በእርስዎ እጅ ነው የገባው፣ እትዬ። ጥፋቱ ግን የኔ ነው።»

አይቆጧትም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ቦርሳቸውን አንጠልጥለው፣ ዘነበወርቅ ሰፈር ደርሰው ሸዋረጋንና ልጆቿን ከዚያ ቤት እንደሚያወጡ ነግረዋት ይወጣሉ። ገና ከግቢው ሳይወጡ ሃያ ሰባት ይለጠፋል።

ሩሃማ ድረ ገጹን ትዘጋዋለች፤ ሦስተኛውን ሰው ታባርረዋለች። ምን ዋጋ አለው፣ የወጣው ወጥቷል። ቻናሉ እንዲዘጋ ለቴሌግራም አቤቱታ ትልካለች፤ መልእክትዎ ደርሶናል የሚል መልስ ይመጣላታል። ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ። መዝገቡ ሥራ ላይ ይሆናል፣ ስልኩንም አያይም ይሆናል እያለች ራሷን ታጽናናለች። ሠላሳ ሲወጣ ለእትዬ ትደውላለች። ታክሲ ውስጥ ናቸው፤ መንገዱ ተቆፍሮ ከቆሙ ቆይተዋል፣ ወርደው በእግራቸው ሊሄዱ ነው።

ሠላሳ አንድ ይለጠፋል።

«እህት የሺእመቤት፣ ልጆቹ ሌሊት ይባንናሉ፣ ብቻዬን መጸለይ አቃተኝ። ከዘነበወርቅ ሆስፒታል አጥር ቀጥሎ ባለው ቅያስ፣ ዳቦ ቤቱ አጠገብ፣ ቀይ የቆርቆሮ በር ነው። ሸዋረጋ።»

የተመልካቹ ቁጥር ዓይኗ እያየ ይጨምራል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከሥሩ አስተያየት ይመጣል፤ የጻፈው መዝገቡ ነው። «እህታችንን ሄጄ ላጽናናት ነው። አጋጣሚ ሆኖ ሆስፒታሉ አጠገብ ነኝ፤ ዳቦ ቤቱ የትኛው ነው?»

ሩሃማ «አትንገሩት» ብላ መጻፍ ትጀምራለች፤ ይቀድሟታል። አንድ የማታውቀው የሰፈሩ ሰው መልሶለታል፦ «ወንድሜ፣ ቅያሱ ሁለት ስለሆነ እንዳትሳሳት፣ ሁለተኛውን ያዝ። ጌታ መንገድህን ያቅናልህ።»

ከመልሱ በታች ስድስት ሰዎች አሜን ብለዋል።